ሠሪውን የሚሠራ መጽሐፍ

አርስቶትል በ«ኒቆማኮሳዊ ሥነ ምግባር» ሁለተኛ መጽሐፍ፣ ሰው ግንበኛ የሚሆነው በመገንባት፣ ክራር መቺ የሚሆነውም ክራር በመምታት እንደሆነ ካስረዳ በኋላ በራሱ ትምህርት ላይ አንድ ከባድ ጥያቄ ያነሣል። ክራር የሚመታ ሰው ቀድሞውኑ ሙያውን የሚያውቅ ከሆነ፣ የማያውቀው ሰው በምን እጁ መትቶ ይማራል? ፈላስፋው ለዚህ የሚሰጠው መልስ፣ ሰው ሙያው ሳይኖረው የሙያውን ሥራ በአጋጣሚ ወይም በሌላ ሰው መሪነት ሊሠራ ይችላል፣ ባለሙያ የሚባለው ግን ያንኑ ሥራ በውስጡ ባደረ ዕውቀት ሲሠራው ነው የሚል ነው። መልሱ መምህር ላለው ተማሪ ይበቃል፤ የተማሪው እጅ እስኪጠና ድረስ የመምህሩ እጅ ይመራዋልና። መምህርም፣ ትምህርት ቤትም፣ አሳታሚም ሳይኖረው ዓመታት የሚፈጅ ሥራ ለጀመረ ሰው ግን ጥያቄው ከነክብደቱ ይቀራል። ይህ ሐተታ ጥያቄውን የሚመረምረው ከሌሎች ጥበባት ይልቅ ጎልቶ በሚታይበት ዘርፍ፣ ማለትም በሥዕላዊ ልብወለድና ራሱን በራሱ በሠራ ደራሲው ላይ ነው።

ሥዕላዊ ልብወለድ በተከታታይ ሥዕሎችና ከሥዕሎቹ ጋር በተዋሐደ ጽሑፍ የሚተረክ፣ የመጽሐፍ ርዝመትና ቅርጽ ያለው ታሪክ ነው። ስያሜው ልብወለድ ቢልም የሕይወት ታሪክንና የታሪክ ምስክርነትንም ያቅፋል፤ በሰፊው የተለመደውም አሜሪካዊው ዊል አይስነር በ1978 (በዚህ ሐተታ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ስለ ኒው ዮርክ ብሮንክስ ድኻ ተከራዮች የተረከበትን «ከእግዚአብሔር ጋር የተገባ ውል» የተሰኘ መጽሐፉን በዚህ ስም ካወጣ በኋላ ነው። የዘርፉ መሠረታዊ አካል ክፈፍ ነው። ክፈፍ በመስመር የታጠረ አንድ የታሪኩ ቅጽበት ሲሆን፣ ክፈፎች በገጽ ላይ ሲደረደሩ በመካከላቸው ጠባብ ባዶ ቦታ ይቀራል፤ በአንዱ ክፈፍና በሚቀጥለው መካከል የሆነውን ነገር አንባቢው በዚያ ባዶ ቦታ ላይ በሐሳቡ ይሞላዋል። ኮሚክስ፣ ማለትም በሥዕል ረድፍ የሚተረክ ታሪክ፣ በሚያሳትሙት ታላላቅ የአሜሪካ ድርጅቶች አሠራር ታሪኩን የሚጽፈው፣ ሥዕሉን በእርሳስ የሚነድፈው፣ ንድፉን በጥቁር ቀለም የሚያጸናው፣ ፊደሉን የሚጽፈውና ቀለም የሚቀባው ብዙ ጊዜ የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ራሱን በራሱ የሠራ ደራሲ የሚባለው እነዚህን ሥራዎች በአንድ እጅ የጠቀለለ፣ አልፎ አልፎም ኅትመቱንና ሽያጩን ሳይቀር በራሱ ኃላፊነት የያዘ ሰው ነው።

የዚህ ዓይነቱ ሰው ቀዳሚ ምሳሌ የጄኔቫው ሮዶልፍ ቶፕፈር (1799–1846) ነው። የሠዓሊ ልጅ ነበር፤ የአባቱን መንገድ እንዳይከተል የዓይን ሕመም ስለከለከለው መምህር ሆነ። ተማሪዎቹን ለማስደሰት በትርፍ ጊዜው የነደፋቸው አስቂኝ ታሪኮች፣ ከእያንዳንዱ ውድቀቱ በኋላ ሸሚዙን ቀይሮ እንደገና ፍቅሩን ለመከተል የሚነሣው የአቶ ቪዩ ቧ ታሪክ ጭምር፣ በሥዕል ረድፍና ከሥሩ በተጻፈ አጭር ዐረፍተ ነገር የሚተረኩ ነበሩ። ጀርመናዊው ባለቅኔ ጎተ በሕይወቱ መጨረሻ ዓመታት አይቷቸው ካደነቃቸው በኋላ ቶፕፈር ከ1830ዎቹ ጀምሮ አሳተማቸው። የኅትመቱ ዘዴ እዚህ ላይ ትልቅ ቦታ አለው። በድንጋይ ኅትመት በቀጥታ በድንጋዩ ላይ የሚሠራ ሰው ሥዕሉንም ፊደሉንም ገልብጦ ማስፈር ስላለበት፣ ሥራው የሠለጠነ ባለሙያ ይጠይቅ ነበር። ቶፕፈር የመረጠው ዘዴ ግን ሥዕሉና ጽሑፉ በተዘጋጀ ወረቀት ላይ እንደ ማናቸውም ደብዳቤ በቀጥታ ከሠፈሩ በኋላ ወደ ድንጋዩ የሚሸጋገሩበት ነበር። በዚህም በደራሲው እጅና በአንባቢው ዓይን መካከል ይቆም የነበረው ሦስተኛ ሰው ተወገደ፤ የእጁ መዋለል ሳይቀር እንዳለ ታተመ።

ቶፕፈር በ1845 ስለ ፊት ገጽታ በጻፈው ድርሳኑ ከዚህ ልምድ አንድ ትምህርት ያወጣል። ሥዕል ጨርሶ ያልተማረ ሰው እንኳ የሰው ፊት ብሎ የሚጭረው ጭረት፣ የቱንም ያህል የተበላሸ ቢሆን፣ አንድ ዓይነት ጠባይ ሳያሳይ አይቀርም፤ ቂል ወይም ብልህ፣ ቁጡ ወይም ገራም ይመስላል። ስለዚህ ጀማሪው ፊቶችን ደጋግሞ እየጫረ፣ የቱ መስመር ሲረዝም ፊቱ እንደኮራ፣ የቱ ሲያጥር እንደፈራ እያነጻጸረ መማር ይችላል። የአርስቶትል ጥያቄ እዚህ ላይ አንድ መውጫ ያገኛል። ፈላስፋው ከሙያ ውጭ አድርጎ የተወው አጋጣሚ፣ በወረቀት ላይ ከሠፈረና ሠሪው ራሱ ተመልሶ ካየው፣ የመምህርነትን ቦታ ይይዛል። ራሱን በራሱ የሚያስተምር ሰው ትምህርቱን የሚጀምረው ከማያውቀው ነገር ላይ ቆሞ አይደለም፤ እጁ ሳያውቅ የተናገረውን ዓይኑ ሲያውቅለት ነው። የዚህ ትምህርት ቅድመ ሁኔታም ጭረቱን ሳይቀድዱ ማቆየትና ሳያፍሩ መመልከት ነው።

የቶፕፈር መንገድ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ምን ያህል ሊራመድ እንደሚችል ለማየት የአሜሪካዊው ጄፍ ስሚዝ ሥራ ይጠቅማል። ስሚዝ በልጅነቱ የፈጠራቸውን ነጫጭ፣ አፍንጫቸው ትልልቅ ፍጡራን በ1980ዎቹ በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች ጋዜጣ ላይ «ቶርን» በሚል ርእስ በአጫጭር የሥዕል ረድፍ ያወጣቸው ነበር። ቀጥሎም ከባልደረቦቹ ጋር በኮሎምበስ ከተማ የአኒሜሽን፣ ማለትም ሥዕልን በፊልም የማንቀሳቀስ፣ ስቱዲዮ አቋቁሞ ሠራ። በ1991 ግን ካርቱን ቡክስ የተባለ የራሱን አሳታሚ ድርጅት መሥርቶ «ቦን» የተሰኘውን ረጅም ታሪክ በጥቁርና ነጭ ማውጣት ጀመረ፤ ባለቤቱ ቪጃያ አይየርም የድርጅቱን አስተዳደር ያዘች። ታሪኩ በ55 ተከታታይ እትሞች ወጥቶ በ2004 ሲፈጸም፣ በአንድ ጥራዝ የተሰበሰበው መጽሐፍ ከ1,300 ገጾች በላይ ሆነ።

ይህን ያስቻለው የአንድ ሰው ጽናት ብቻ አልነበረም። ቀድሞ በአሜሪካ ኮሚክስ የሚሸጠው በጋዜጣ መሸጫዎች ሲሆን፣ ያልተሸጠው ቅጂ ለአሳታሚው ስለሚመለስ ኪሳራውን የሚሸከመው አሳታሚው ነበር፤ እንዲህ ያለውን ኪሳራ ደግሞ ትልቅ ገንዘብ የሌለው ሰው አይችለውም። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የኒው ዮርኩ ፊል ሱሊንግ ልዩ የኮሚክስ መደብሮች ቅጂዎችን አስቀድመው እንዲያዙና ያልተሸጠውን እንዳይመልሱ፣ በምትኩም የተሻለ ቅናሽ እንዲያገኙ የሚያደርግ የንግድ ሥርዓት ዘረጋ። ከዚያ በኋላ አንድ ብቸኛ ሠዓሊ ስንት ቅጂ እንደታዘዘ ካወቀ በኋላ ያንኑ ያህል ማሳተም ቻለ። ነጻነት በሐሳብ ዓለም ብቻ የሚኖር ነገር አለመሆኑን ይህ ያስረዳል፤ ደራሲው የራሱ ጌታ እንዲሆን መደብሩ፣ ትእዛዙና የማተሚያ ቤቱ ሒሳብ ሊፈቅዱለት ይገባል።

በ«ቦን» የመጀመሪያ ክፍል ያለ አንድ ሥፍራ ስሚዝ ከፊልም ወደ ገጽ ሲሻገር ምን እንዳተረፈ ያሳያል። ፎን ቦን የተባለው ገጸ ባሕርይ በማያውቀው ሸለቆ ሳለ የበረዶው ወራት ይገባበታል፤ በረዶው ግን በቀስታ እየተንጠባጠበ አይወርድም፤ በአንዱ ክፈፍ ያልነበረው በረዶ በሌላው ክፈፍ ሸለቆውን ባንድ ጊዜ ከድኖት ይገኛል። በፊልም አንድ ሴኮንድ በ24 ምስሎች የሚሞላ በመሆኑ፣ የበረዶን መውረድ የሚያሳይ ሰው እያንዳንዷን ቅጽበት መሣል አለበት። በገጽ ላይ ግን ድንገተኛነቱን የወለደው ያልተሣለው፣ ማለትም በክፈፎቹ መካከል የቀረው ባዶ ቦታ ነው። ደራሲው ከቀድሞ ሙያው የጊዜ አያያዝን ይዞ መጣ፤ በአዲሱ ሙያ ምን መተው እንዳለበት ግን ያስተማረው ገጹ ራሱ ነው።

ሥዕላዊ ልብወለድ ስለ ሰው ልጅ ራስን የመሥራት ጉዳይ የሚናገረው ዋና ነገር ከጊዜ ጋር ካለው ግንኙነት ይመነጫል። አንባቢ በአንድ ደቂቃ የሚያልፈው ገጽ ለሠሪው የአንድ ቀን ወይም ከዚያ በላይ ሥራ ነው፤ ስለዚህም በመቶዎች የሚቆጠሩ ገጾች ያሉት መጽሐፍ ዓመታትን ይበላል፤ በዓመታት ውስጥ ደግሞ እጅ ይለወጣል። የቃል ልብወለድ ጸሐፊ የመጨረሻውን ምዕራፍ ከጨረሰ በኋላ ወደ መጀመሪያው ተመልሶ የድካሙን ስፌት ሊደብቅ ይችላል፤ ሠዓሊም የጀማሪነቱን ሸራዎች በቤቱ አስቀርቶ የበሰለውን ብቻ ለትርኢት ያቀርባል። ሥራውን በተከታታይ እትም የሚያወጣ ሥዕላዊ ልብወለድ ደራሲ ግን የመጨረሻው ገጽ ሳይነደፍ የመጀመሪያው በአንባቢ እጅ ገብቷል። ካናዳዊው ዴቭ ሲም ከ1977 እስከ 2004 በ300 እትሞች ያወጣው «ሴሬበስ» ለዚህ ግልጽ ማስረጃ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ እትሞች የሌላ ሠዓሊን፣ የባሪ ዊንዘር-ስሚዝን፣ ስልት እየተከተለ የሚቀልድ እጅ፣ ዓመታት ካለፉ በኋላ የማንንም የማይመስል የፊደል አጣጣልና የገጽ አደረጃጀት ባለቤት ሆኖ ይገኛል። እንዲህ ባለው መጽሐፍ የመጀመሪያውን ገጽ የሣለው ሰውና የመጨረሻውን የሣለው ሰው አንድ ስም ይጋራሉ እንጂ አንድ ችሎታ አይጋሩም፤ በሁለቱ መካከል ያለው ለውጥም የተፈጠረው በዚያው መጽሐፍ ነው። ደራሲው መጽሐፉን ይሠራል፤ መጽሐፉም ደራሲውን ይሠራዋል።

ከዚህ አንድ የሥነ ምግባር ጥያቄ ይከተላል፤ ይኸውም የበሰለ እጅ በጥሬ እጁ ሥራ ላይ ምን መብት አለው የሚል ነው። «ቲንቲን» የተባለውን ተከታታይ ሥዕላዊ ታሪክ የፈጠረው ቤልጅጋዊው ኤርዤ ለዚህ ጥያቄ ሁለት የተለያዩ መልሶችን ሰጥቷል። መደበኛ የሥዕል ትምህርት ሳይኖረው በ1929 በብራስልስ በአንድ ጋዜጣ የልጆች ተጨማሪ እትም የጀመረውን ሥራ፣ ስሙ ከገነነ በኋላ መለስ ብሎ አቃንቷል፤ በ1938 በመጽሐፍ የወጣውን «ጥቁሩ ደሴት» በ1943 በቀለም፣ በ1966 ደግሞ ከእንግሊዝ አሳታሚው የቀረበለትን እርማት ተከትሎ ከስቱዲዮ ረዳቶቹ ጋር እንደ አዲስ አሣሥሎ አውጥቶታል። የመጀመሪያውን ታሪክ፣ ቲንቲን ወደ ሶቭየት ኅብረት የተጓዘበትን፣ ግን ሳይነካው ተወው፤ በ1973 ዳግመኛ ሲታተምም በዚያው በጀማሪ መስመሩ ነበር። የታረሙት መጽሐፎች ይበልጥ የተስተካከሉና የጠሩ ናቸው፤ ያልታረመው ግን የታረሙት ሊነግሩ የማይችሉትን፣ ያ ጥራት ከየት ተነሥቶ እንደተገኘ ይናገራል። እርማት አንባቢን ማክበር ነው፤ የመነሻውን ምልክት በሙሉ ማጥፋት ግን ከኋላ የሚመጣውን ጀማሪ ማሳሳት ይሆናል፤ ጌትነት ያለ ጥሬነት የተወለደ ያስመስላልና።

የእጅ መለወጥ ሁልጊዜ ወደ ውስብስብነት የሚያመራ መውጣት ነው ብሎ ማሰብም ስሕተት ነው። አርት ስፒገልማን ከአውሽዊትዝ የሞት ካምፕ የተረፈውን የአባቱን የቭላዴክን ምስክርነት አይሁዳውያንን በአይጥ፣ ናዚዎችን በድመት መስሎ የተረከበት «ማውስ» ሁለት መልክ ነበረው። በ1972 ያወጣው የሦስት ገጽ ሥራ በጥላና በዝርዝር የተሞላ ነበር። ከ1980 ጀምሮ እርሱና ባለቤቱ ፍራንሷዝ ሙሊ ራሳቸው በሚያሳትሙት «ሮው» መጽሔት በየምዕራፉ ወጥቶ በ1991 የተፈጸመው ረጅሙ ሥራ ግን የአይጦቹን ፊት ወደ ጥቂት መስመሮችና ነጥብ የሚያክሉ ዓይኖች አሳነሰው። ኮሚክስ የሚሠሩ ሠዓሊያን እንደ ልማዱ በሰፊ ወረቀት ሥለው ሥዕሉ በኅትመት ሲያንስ መስመሩ እንዲያምር ያደርጋሉ፤ ስፒገልማን ግን በተራ የመጻፊያ ወረቀት ላይ በብዕር፣ በሚታተምበት ልክ ሣለው። በዚህ አሠራር የእጅ ስሕተት የሚሸሸግበት ቦታ የለም፤ ገጹም የባለሙያን ድንቅ ችሎታ ከማሳየት ይልቅ በእጅ የተጻፈ የምስክር ቃል መልክ ያዘ። መጽሐፉ በ1992 ልዩ የፑሊትዘር ሽልማት ሲሰጠው የተከበረው ይህ መቆጠብ ጭምር ነው። ራስን መሥራት ማለት ችሎታን መከመር ብቻ እንዳልሆነ፣ ጉዳዩ የማይፈልገውን ችሎታ ለይቶ መተውንም እንደሚጨምር «ማውስ» ያስተምራል፤ ይህንንም መለየት ከውጭ የሚመጣ መመሪያ ሊሰጠው አይችልም፣ በሥራው ውስጥ ብቻ የሚገኝ ነውና።

እስካሁን በተባለው ላይ ጠንካራ ተቃውሞ ሊቀርብ ይችላል፤ ማንም ሰው ራሱን በራሱ አልሠራም የሚል። ስሚዝ «ፖጎ» የተባለውን የሥዕል ረድፍ የሠራው የዎልት ኬሊ ባለዕዳ ነው፤ ስፒገልማን ያለ ሙሊ፣ ስሚዝም ያለ አይየር ሥራቸው በዚያ መልክ ለአንባቢ አይደርስም ነበር። ተቃውሞው እውነት አለው፤ ነገር ግን ዕዳንና ተጠያቂነትን ለያይቶ ማየት ያስፈልጋል። ልዩነቱን ለማየት የኢትዮጵያን ትውፊታዊ ሥዕል ማነጻጸር ይጠቅማል፤ ይህም ሥዕል በክፈፍ ተከፋፍሎ መተረክን የሚያውቅ በመሆኑ ለጉዳዩ የሩቅ ዘመድ አይደለም። የንግሥተ ሳባና የንጉሥ ሰሎሞን ታሪክ በአንድ ሸራ ላይ በረድፍ በተደረደሩ ትንንሽ ክፍሎች፣ በየክፍሉም አጭር የአማርኛ ጽሑፍ እየታከለበት ሲሣል ኖሯል። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቃን ሁለት ዓይናቸው እንዲታይ ፊት ለፊት፣ ክፉዎች ደግሞ በአንድ ዓይን በጎን ይሣላሉ፤ ይህን ሕግ ሠዓሊው አላወጣውም፣ ከመምህሩ ተቀበለው እንጂ። ያልጸና እጅ በትውፊቱ ጥላ ሥር ይሠራል፤ ጉድለቱን የመምህሩ እጅ ያቃናዋል፣ ትርጉሙንም ሕጉ ይጠብቅለታል። ራሱን በራሱ የሠራ ደራሲ ከሌሎች የተማረው ብዙ ቢሆንም እንዲህ ያለ ጥላ የለውም፤ ክፉውን በምን መስመር እንደሚለየው፣ ዝምታን በስንት ክፈፍ እንደሚያሳይ ራሱ ይወስናል፤ ውሳኔው ሲሳሳትም የሚጠየቅ ሌላ ሰው የለም። ስለዚህ «ራሱን በራሱ የሠራ» የሚለው ማዕረግ በትክክል ሲያዝ የሚናገረው ስለ ዕርዳታ አለመኖር ሳይሆን ስለ ኃላፊነት አለመከፋፈል ነው።

ይህ ጉዳይ ለአማርኛ አንባቢ ቅርብ ነው። ከ2018 ጀምሮ ኤታን ኮሚክስ የተባለው አሳታሚ «ጀምበር» የተባለውን ኢትዮጵያዊ ጀግና በአማርኛና በእንግሊዝኛ ማቅረቡ እንደሚያሳየው፣ በአማርኛ ሥዕላዊ ታሪክ የመሥራት ፍላጎት አለ፤ ዘርፉ ግን ገና ትምህርት ቤትም የሰፋ ገበያም ስለሌለው የሚነሡት ሠዓሊያን በአብዛኛው ራሳቸውን በራሳቸው የሚሠሩ መሆናቸው አይቀርም። ከማንም ሊዋሱት የማይችሉት ሥራም ይጠብቃቸዋል። በላቲን ፊደል የሚሠራ ደራሲ ንግግርን በትልልቁ ፊደል የመጻፍ የቆየ ልማድ አለው፤ የግዕዝ ፊደል ግን ትልቅና ትንሽ የሚባል መልክ ስለሌለው ጩኸትና ሹክሹክታ በፊደሉ ውፍረት፣ በስፋቱና በመስመሩ ድፍረት መለየት አለባቸው። ከዚህም ሌላ ካዕቡን ከሣልሱ፣ ራብዑን ከኃምሱ የሚለየው ትንሽ ቅጥያ በጠባብ ክፈፍ ውስጥ እንዳይጠፋ ሥዕሉ ለጽሑፉ ከመጀመሪያው ቦታ ሊተውለት ይገባል። ይህን የሚፈታ መጽሐፈ መመሪያ የለም፤ የሚፈታው በተደጋጋሚ በተሣሉ ገጾች ላይ ነው፤ የፈታውም ሰው ለራሱ ብቻ አይፈታውም። የመጀመሪያ ገጾቹን ሳይደብቅ የሚያሳትም ደራሲ፣ መምህር ለሌለው ቀጣይ ጀማሪ የጎደለውን መሪ እጅ ይተካለታል፤ እጁ ከገጽ ወደ ገጽ እንዴት እንደጠና በመጽሐፉ ውስጥ ይነበባልና።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ደራሲ እንዲበዛ የሚሻ ማኅበረሰብ ሁለት ግዴታዎች አሉበት። አንደኛው የኅትመት ጉዳይ ነው፤ መጽሔቶችና ጋዜጦች ለተከታታይ ሥዕላዊ ታሪክ ቋሚ ገጽ ቢሰጡ፣ መጻሕፍት መደብሮችም አስቀድመው ቢያዙ፣ ብቸኛው ሠዓሊ ዓመታት የሚፈጀውን ሥራ ሳይከስር በየክፍሉ ሊያወጣ ይችላል። ሁለተኛው የንባብ ጉዳይ ነው፤ ሐያሲው የጀማሪን እጅ ጉድለት በጨረሰው ባለሙያ ሚዛን ከመፍረድ ተቆጥቦ፣ እጁ ወዴት እየሄደ እንደሆነና ጉዳዩ የሚፈልገውን መስመር እየፈለገ መሆኑን ሊያይለት ይገባል። ሠዓሊው በበኩሉ ብቁ እስኪሆን ድረስ መጠበቅ የለበትም፤ ብቃቱን የሚሰጠው ሊጀምረው የፈራው መጽሐፍ ነው፤ መጽሐፉም ይህን የሚሰጠው እስከ መጨረሻው ገጽ ድረስ አብሮት ለሚዘልቅ ሰው ብቻ ነው።